ጋሽ እንድሪስና የቆመ ሰው የማያይ ምሰሶ

ጋሽ እንድሪስ ማረፋቸውን ልጃቸው ዘሀራ በስልክ ስትነግረኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው የሐዘን ቃል አልነበረም። «ውሃ ነው?» ነው ያልኳት።

«የምን ውሃ?» አለች። ስታለቅስ ስለቆየች ድምፅዋ ታፍኗል። «በሰኔ መባቻ የምን ውሃ አለ? ሳሉ ነው እንጂ። ሱብሂ ሰግደው ጋደም እንዳሉ፣ በዚያው ሄዱ።»

ደሴ በተከራየኋት ክፍል ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እፎይታ ተሰማኝ፤ ወዲያው ደግሞ በእፎይታዬ አፈርኩ። ላለፉት ሦስት ክረምቶች ከቆቦ ስልክ በተደወለ ቁጥር ውሃ የወሰዳቸው ይመስለኝ ነበር። ሐምሌ ሲገባ ከሰዓት በኋላ ስልኬን አጠገቤ ማስቀመጥ እፈራለሁ፤ ማራቅም እፈራለሁ። እንደማንኛውም ሽማግሌ አልጋቸው ላይ ሊሞቱ እንደሚችሉ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

ቆቦ የሄድኩት ከዩኒቨርሲቲ በተመረቅሁበት ዓመት ነው። የተማርኩት ኮሙኒኬሽን ኢንጂነሪንግ ነው። አንድ የሙከራ ፕሮጀክት ከሮቢት ከተማ ወዲያ ባለ ደረቅ ወንዝ ዳር ሦስት ምሰሶዎች ተክሎ ነበር፤ የእኔ ሥራ እነሱን መከታተልና በየሳምንቱ ሪፖርት መጻፍ ነው። ሰው ፊት መናገር የማልወድ ልጅ ስለነበርኩ ከምሰሶ ጋር የሚያውል ሥራ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ነበር።

ምሰሶዎቹ ምን እንደሚሠሩ ለጠየቀኝ ሁሉ እንዲህ ብዬ አስረዳለሁ። የስልካችን ድምፅ የሚሄድበት ሞገድ ዝናብ ሲያገኘው ይደክማል፤ ውሃ ወይም ሰው ሲያገኝ ደግሞ ነጥሮ ይመለሳል። ድሮ ይህን እንደ ችግር እንቆጥረው ነበር። እነዚህ ምሰሶዎች ግን በአንድ ሞገድ መልእክትም ያደርሳሉ፣ አካባቢያቸውንም ያያሉ። ያዩትንም ሩቅ አገር ልከው መልስ አይጠብቁም፤ ምሰሶው ላይ የተገጠመው ሳጥን ራሱ አስልቶ ይወስናል። ኔትወርክ በየሰዓቱ በሚቋረጥበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የላይኛው ምሰሶ ተራራው ሥር ሆኖ ከደጋ የሚመጣውን ዝናብና ጎርፍ ያያል፤ መካከለኛው መልእክት ያቀባብላል። የታችኛው፣ የእኔ መዋያ፣ ገበሬዎቹ የሚሠሩበትን አሸዋ ያያል፤ የማስጠንቀቂያ ሳይረኑም እሱ ላይ ነው። አደጋ ካለ ይጮኻል፣ ለሰውም ስልክ ላይ መልእክት ይልካል።

ጋሽ እንድሪስ ይህን ሁሉ መፋቂያቸውን እያኘኩ ሰምተው ሲያበቁ ምሰሶውን የበሬ አንገት እንደሚነካ ሰው በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«እኔም እኮ ይኸን ነው የምሠራ» አሉ። «ያውም ያለ መብራት።»

እውነታቸውን ነበር። ቆቦ ሜዳ ላይ ዝናብ አይታመንም። ማሽላውንና ጤፉን የሚያደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በምዕራብ በኩል ካለው ደጋ የሚወርደው ጎርፍ ነው። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ብቻ የሆነው ወንዝ በክረምት ከሰዓት በኋላ ድንገት ይሞላል። ገበሬው ከእሾህ፣ ከድንጋይና ከአፈር ክትር ሠርቶ ውሃውን ይጠልፍና ወደ ማሳው ይመራዋል። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ጎርፍ መጣ ሲባል ሰው ይሸሻል። እዚህ ግን አካፋውን ይዞ ይሮጥበታል።

ጋሽ እንድሪስ የዚያ ክትር የውሃ አባት ነበሩ። ገበሬዎቹ ናቸው የመረጧቸው። ውሃው ወደ ማን ማሳ ቀድሞ እንደሚገባ እሳቸው ይወስናሉ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው ከወንዙ መቼ እንደሚወጣ። ረጅምና ከሲታ ነበሩ፤ ሽርጣቸውን ከጉልበታቸው በላይ አንስተው ያስራሉ። ደጋው ሲጠቁር ሠላሳ ምናምን ሰው ይዘው አሸዋው ውስጥ ይወርዳሉ፤ የክትሩን የመጨረሻ ቀዳዳ ይደፍናሉ፤ ከዚያ ይቆማሉ። ሁሉም አካፋውን ተደግፎ እንደ ተተከለ እንጨት ይቆማል። ጋሽ እንድሪስ መፋቂያቸውን ከአፋቸው ሲያወጡ ሳል ያለበት ሰው እንኳ ሳሉን ይውጣል። ከሩቅ የሚመጣውን የውሃ ድምፅ ሰምተው፣ የምንቀበለው ነው ወይስ የምንሸሸው የሚለውን የሚለዩት በጆሯቸው ነው።

«ውሃ እንግዳ ነው» ይሉኝ ነበር። «እንግዳ ተቀምጦ አይጠበቅም።»

እኔ ዳር ላይ ሆኜ አያቸዋለሁ። ውሃው የማይታይበት፣ የማይሰማበት፣ ሰዎቹ ግን እሱ በሚመጣበት መንገድ መሀል ፀጥ ብለው የቆሙበት ያ ጊዜ ከጎርፉ ከራሱ ይልቅ ያስፈራኝ ነበር። ሲራጅ የሚባል ቀልደኛ ገበሬ ይህን አውቆብኝ «አንች የምሰሶዋ ልጅ፣ እኛን ውሃ ሳይወስደን አንችን ፍርሃት ሊወስድሽ ነው» ይለኛል።

በመጀመሪያው ወር ሳይረኑ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ይጮኽ ነበር። ግመሎች በረገጉ፤ ከብት ተበተነ። ከሁሉም በላይ የተቆጡት ጋሽ እንድሪስ ናቸው።

«ጆሮየን ወሰደብኝ!» አሉ። «እሱ እየጮኸ እኔ ውሃውን በምን ልስማው?»

ቅሬታቸውን ጻፍኩ። አዲስ አበባ ያለው አለቃዬ ኢንጂነር ዳዊት ፈጣን ሰው ነበር፤ በሳምንቱ መላ አመጣ። ከእንግዲህ ሳይረኑ የሚጮኸው ሁለት ነገር ሲገጥም ብቻ ነው፤ ውሃ እየመጣ፣ ሰው ደግሞ አሸዋው ውስጥ ካለ። አሸዋው ባዶ ከሆነ መልእክት ብቻ ይላካል። ሁላችንም ጥሩ ነው አልን። ገበሬዎቹ እኔን መረቁኝ።

ጋሽ እንድሪስ ግን የተባሉትን ሳያዩ የሚያምኑ ሰው አልነበሩም።

«ነይማ» አሉኝ አንድ ጠዋት። «ምሰሶሽ እኔን ስታይ አሳይኝ።»

ላፕቶፔን ከፍቼ ዳር ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው አሸዋው ውስጥ ወርደው መሄድ ጀመሩ። ስክሪኑ ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ብቅ አለች። «አየችዎት» ለማለት እጄን አነሳሁላቸው። መሀል ሲደርሱ አካፋቸውን ተደግፈው እንደ ልማዳቸው ቆሙ። ነጥቧ ጥቂት ቆይታ ደበዘዘች፤ ከዚያ ጠፋች። ተራመዱ፤ ተመለሰች። ቆሙ፤ ጠፋች። እጄን ማውረድና ማንሳት ሲበዛብኝ አይተው ወጥተው መጡ።

«ስቆም የት ሄድሁ?»

«አልሄዱም፣ ጋሽ እንድሪስ። ማሽኑ የማይንቀሳቀሰውን ነገር ሁሉ ከስክሪኑ ይደመስሳል። ድንጋዩን፣ ግራሩን፣ የወንዙን ዳር። እነሱን ካልደመሰሰ የሚንቀሳቀሰውን ለይቶ ማየት ያስቸግረዋል።»

«እና ስቆም ድንጋይ ነኝ።»

«እንደዚያ ነው የሚቆጥርዎት።»

ዞረው አሸዋውን አዩት። ፊታቸው ላይ ፍርሃት ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

«አንች ልጅ፣ እኛ እኮ የምንጠብቅ ቆመን ነው።»

ያን ቀን ለኢንጂነር ዳዊት ኢሜይል ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ጻፍኩት፤ በየጊዜው አለዘብኩት። በመጨረሻ የላክሁት «አርሶ አደሮቹ አልፎ አልፎ ቆመው ሊገኙ ስለሚችሉ ይህ ታሳቢ ቢደረግ መልካም ነው» የሚል ነበር። ከሪፖርቱ ግርጌ፣ ስለ ባትሪው ሁኔታ ከተጻፈው በታች። በሳምንቱ በኢንተርኔት ስብሰባ ስናደርግ ነገሩን አነሳው።

«አንድ አስተያየት አለ» አለ ኢንጂነር ዳዊት፤ «ቆመው ቢገኙስ የሚል። ግን ጎርፍ እየመጣ አሸዋ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው የት አገር አለ?»

ስብሰባው ላይ የነበሩት ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እስቅ ነበር። ማይክሮፎኔ ዝግ ነበር። ጣቴ መክፈቻው ላይ እንዳለ «እዚህ አገር» የሚለውን መልስ በልቤ ስደግመው ቆየሁ። ከዚያ ወደ ሚቀጥለው ጉዳይ አለፉ።

በማግስቱ ጋሽ እንድሪስ ጠየቁኝ። «ያን ነገር ነገርሻቸው?»

«ጽፌያለሁ።»

«መጻፉንማ ትጽፊያለሽ። ነገርሻቸው ወይ?»

ሲራጅና ሌሎቹ አጠገባችን ሆነው ቆሎ ይቆረጥማሉ። እነሱ ፊት አልነገርኩም ማለት አፈርኩ። «አዎ፣ ነግሬያቸዋለሁ» አልኩ። «አስተካክለውታል።»

«አብሽሪ» አሉኝ፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው። ወደ ሰዎቹም ዞረው «ጀማው፣ ከንግዲህ ቆመንም ታየናለች» አሉ።

ያን ውሸት ከዋሸሁ አንድ ሳምንት እንኳ አልሞላም ነበር። በሚቀጥለው ስብሰባ እናገራለሁ ብዬ ለራሴ ቀጠሮ ይዤ ነበር። ውሃ ግን ስብሰባ አይጠብቅም።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ አንድ ማክሰኞ ነው። እኩለ ቀን ካለፈ ጀምሮ ደጋው ጠቁሯል፤ ሜዳው ላይ ግን ፀሐይ ነበር። ገበሬዎቹ ስልካቸው ውሃ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልለው ግራሩ ላይ እንደ ልማዳቸው ሰቀሉና ወረዱ። ክትሩን ደፈኑ። ጋሽ እንድሪስ መፋቂያቸውን አወጡ። ሁሉም ቆመ። ዛሬ ከወትሮው ወደ መሀል ገባ ብለው ነበር የቆሙት፤ ምሰሶዋ ታየናለች ብለው።

ስክሪኑ ላይ የላይኛው ምሰሶ ሲግናል በዝናቡ ሲወርድ አየሁ። ወረደ፣ ወረደ፤ በሁለት ወር ውስጥ እንዲህ ሲወርድ አላየሁትም። ቀጥሎ የውሃው ምልክት ቀይ ሆነ። ከበታቹ ደግሞ ሳጥኑ ያሰላው ውሳኔ መጣ፦ በወንዙ ውስጥ ያለ ሰው፣ ዜሮ። መልእክት ተልኳል።

ግራሩ ላይ የተሰቀሉት ስልኮች በየፌስታላቸው ጮኹ። ሠላሳ አራት ሰው ከዓይኔ ፊት ቆሟል። ሳይረኑ ዝም ብሏል።

ተነስቼ ጠራኋቸው። ነፋሱ ከእነሱ ወደ እኔ ስለነበር ድምፄ አልደረሰም። እጄን አወዛወዝኩ። ሲራጅ አይቶኝ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ፤ ዝም በይ፣ እየሰማን ነው ማለቱ ነው። ያኔ ያሰብኩትን ዛሬም በትክክል አላስታውስም። የማስታውሰው ጫማዬ አሸዋ ሲሞላ ነው። ወርጄ እየሮጥኩ ነበር። ወደማይታየው ውሃ መንገድ ውስጥ፣ በሕይወቴ በጣም ወደምፈራው ቦታ።

ግማሽ መንገድ ስደርስ ከኋላዬ ሳይረኑ ጮኸ።

በድንጋጤ ደርቄ ቆምኩ። ሳይረኑም ጥቂት ጮኾ ዝም አለ። ገበሬዎቹ አንገታቸውን አዙረው እኔን ያያሉ። ምን እንደሆነ እኔ፣ የተማርኩት፣ አልገባኝም ነበር። የገባቸው ጋሽ እንድሪስ ናቸው።

«አትቁሚ!» ብለው ጮኹ። ሲጮኹ ሰምቻቸው አላውቅም። «አንችን ነው ያየች! ሩጪ! ጀማው፣ አታየንም፣ ድንጋይ ነን! ውጡ! እየሮጣችሁ ውጡ!»

ሮጥኩ። እነሱም ሮጡ፤ ሳይረኑ ዳግመኛ ሲጮህ ሰማሁ፤ አሁን ለሁላችንም ነበር። አንድ ሰው ክንዴን ይዞ አወጣኝ። ዞር ስል ጋሽ እንድሪስ ገና አሸዋው ውስጥ ናቸው፤ የወደቀ ሰው ያነሳሉ። አነሱት፤ አስቀደሙት፤ ራሳቸው በመጨረሻ ዳር ያዙ። ከዚያ ውሃው መጣ። እንደ ውሃ አልነበረም የመጣው። ቡናማ ግድግዳ ሆኖ ግንድና ድንጋይ ፊት ፊቱን እየነዳ መጣ፤ ክትሩ የነበረበትን ሳየው ክትር አልነበረም። የቆሙበትም አልነበረም። አንድ አህያ ከነጭነቱ ሲያልፍ አየሁ።

ሰዎቹ እኔን ማመስገን ሲጀምሩ ጋሽ እንድሪስ ክንዴን ይዘው ከሰው ነጠል አደረጉኝ።

«ነግሬያቸዋለሁ ብለሽኝ ነበር» አሉ በዝግታ።

«ዋሸሁዎት።» ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። «ጻፍኩ እንጂ አልነገርኳቸውም። አፈርኩ።»

አልተሳደቡም። ቢሳደቡ ይቀለኝ ነበር። ስልኬን አመልክተው «ደውይ» አሉ።

ደወልኩ። አጠገቤ ቆመው አልንቀሳቀስም አሉ። ኢንጂነር ዳዊት ስልኩን ሲያነሳ ደስ ብሎት ነበር። «ሲስተሙ ሠርቷል አይደል? ሳይረኑ መጮኹን አየሁ።»

«አልሠራም» አልኩ። «ሠላሳ አራት ሰው ቆሞ ነበር። ያየው እኔን ብቻ ነው።»

«ቆመው?» አለ፤ የሚስቅ ድምፅ አልነበረም። በዚያው ሳምንት ደንቡ ተቀየረ፤ ሰው ኖረም አልኖረም ትልቅ ውሃ ሲመጣ ሳይረኑ ይጮኻል። የቆመን ሰው ማየቱን ግን ማንም አላስተካከለውም፤ ከባድ ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል ተባለ።

ያን ቀን ስልኩን ስዘጋ ጋሽ እንድሪስ ወደ ሰዎቹ በአገጫቸው አሳዩኝ። «ለነሱም ንገሪያቸው። እኔ አልነግርልሽም።»

«እሺ» አልኩ። አልነገርኳቸውም። በመስከረም ሙከራው ሲያበቃ ምሰሶዎቹ እዚያው ቀሩ፣ እኔ ወደ ደሴ ተመለስኩ፤ ሠላሳ አራቱም ሰዎች እንዳዳንኳቸው እያሰቡ ሸኙኝ። ጋሽ እንድሪስ እስከ መኪናው ድረስ ሻንጣዬን ይዘውልኝ መጡ። ስለዚያ ነገር ቃል አልተናገሩም። ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም።

ዘሀራ በደወለችልኝ በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ሄድኩ። ከሚኒባስ ወርጄ ባጃጅ ይዤ ስደርስ ድንኳኑ ሞልቷል። ከሴቶቹ ጋር ልቀመጥ ስል ሲራጅ አየኝ።

«የምሰሶዋ ልጅ መጣች! ነይ ወዲህ፣ እስቲ ሁሉም ይይሽ።»

ከወንዶቹ ፊት አንድ ወንበር ተሰጠኝ። አብዛኞቹን አወቅኋቸው፤ አሸዋው ላይ የቆሙት ናቸው። ከቤት ስነሳ እናገራለሁ ብዬ ነበር፤ መንገድ ላይ ግን ለቅሶ ላይ አይነገርም ብዬ ለራሴ ምክንያት ሠርቼ ጨርሼ ነበር። ሲራጅ ለእንግዶቹ «ይቺ ናት ያተረፈችን» ብሎ ሲጀምር ግን መስማት አልቻልኩም።

«ዋሽቻቸው ነበር» አልኩ። «ጋሽ እንድሪስን። ምሰሶው ቆማችሁ እንደማያያችሁ አውቅ ነበር። ለአለቆቼ ነግሬያለሁ አልኳቸው፤ አልነገርኩም። መሀል ገብታችሁ የቆማችሁት በእኔ ውሸት ነው።»

ድንኳኑ ውስጥ የሰፈነው ፀጥታ ያን ቀን ጋሽ እንድሪስ መፋቂያቸውን ሲያወጡ የነበረው ዓይነት ነው። ይነሱብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሲራጅ ጺሙን አሻሸ።

«እናውቃለን» አለ።

«ነገሯችሁ?»

«እሱ? ወላሂ ቃል አልወጣውም። ያን ቀን ዳር ላይ ስታወሩ ነፋሱ ወደኛ ነበር። ተራራ ሥር ያለ ውሃ የምንሰማ ሰዎች ያንችን ሹክሹክታ ያቅተናል?» ጥቂት ሰዎች ሳቁ፤ ወዲያው ለቅሶ መሆኑ ትዝ ብሏቸው ዝም አሉ። «ተናደን አንችን ልናናግር ነበር። እንድሪስ ነው ተዉዋት ያለ። ራሷ እስክትናገር አትንኳት አለን። ሦስት ክረምት ሆነ እኮ፤ አዘገየሽው።»

ሲራጅ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። ቀልዱ ከፊቱ ጠፍቷል።

«አሁን እሱ የለም። ክረምቱም ገባ። የሚሰማልን ጆሮ የለንም፤ ሰው ሁሉ ያቺን ምሰሶ ነው የሚያይ። ቁርጡን ንገሪን። ዛሬስ፣ ቆመን ታየናለች?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አሸዋው ውስጥ የነበረው ፍርሃት እንዳለ ተመለሰብኝ።

«አታያችሁም» አልኩ። «ውሃውን ታየዋለች፤ እሱንም አንዳንዴ ትስተዋለች። እናንተን ግን ከቆማችሁ አታያችሁም። አሸዋው ውስጥ ቆማችሁ አትጠብቁ።»

ከድንኳኑ ጥግ አንድ ሽማግሌ እጁን ጆሮው ላይ አደረገ።

«ከፍ አድርጊው፣ ልጄ። እዚህ ኋላ ያለነው አልሰማንም።»

ከወንበሩ ተነስቼ ቆምኩና እንደገና ነገርኳቸው።